ከከተማ ወጥቶ በባላገር ስለ መኖር፥ ስለ ስልክና ስለ ወሬም
በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል ጉባኤ ላይ የተነገረ ቃል



ኢዮቤልዩ የሚለው ቃል ዛሬ በብዙ ሰው አፍ የዓመት ቍጥር በዓል ሆኖ ይነገራል፤ ድንኳን ይተከላል፥ ከበሮ ይመታል፥ መጽሔትም ይታተማል። በኦሪት ዘሌዋውያን በ25ኛው ምዕራፍ የተጻፈው ሕግ ግን ከዚህ የጠለቀ ነገር አለው። ሰባት ጊዜ ሰባት ዓመት ከተቈጠረ በኋላ በ50ኛው ዓመት መለከት ይነፋል፤ ያን ጊዜ በድኽነት ምክንያት ርስቱን የሸጠ ወደ ርስቱ፥ ከወገኑ የተለየም ወደ ወገኑ ይመለሳል። እንግዲህ ኢዮቤልዩ ከሥሩ ቢመረመር የመመለስ ዓመት ነው።

በዚያው ምዕራፍ ውስጥ ብዙ አንባቢ ሳያስተውል የሚያልፈው ሌላ ነገር አለ። ቅጥር ባለው ከተማ ውስጥ ያለ ቤት ቢሸጥ፥ ሻጩ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ሊቤዠው ይችላል፤ ዓመቱ ካለፈ ግን ለገዛው ይጸናል፥ በኢዮቤልዩም አይመለስም። ቅጥር በሌለው መንደር ያለ ቤት ግን እንደ እርሻ ተቈጥሮ በኢዮቤልዩ ለባለቤቱ ይመለሳል። የሌዋውያን ከተሞች ሥርዓት ሌላ ስለ ሆነ እርሱ ይቆየን የሚል ካለ ይቆይ። ይህ ልዩነት ስለ ምን ሆነ ቢሉ፥ የመንደር ቤት ከመሬቱ ጋራ የታሰረ ስለ ሆነ ነው፤ አንድም የመንደር ቤት ያለ ጎረቤቱ ቤት ስለማይሆን ነው። የከተማ ቤት ግን ዛሬ የአንዱ፥ ነገ የሌላው ይሆናል፤ ማን ገባ ማን ወጣ ብሎ የሚጠይቅም አይገኝም።

ስለዚህ በኢዮቤልዩ ቀን ከከተማ ወደ ባላገር ስለ መመለስ መነጋገር ከበዓሉ የራቀ ነገር አይደለም። ቅዳሴ ካበቃ በኋላ በቅጥሩ ዛፍ ጥላ ሥር የሚሰማው ጨዋታም ይኸው ነው። አንዱ የቤት ኪራይ መወደዱን ያነሣል፤ ሁለተኛው የመኪናውን ጩኸት ያማርራል፤ ሦስተኛው ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ሌሊቱን ያነበበውን ወሬ ያሳያል፤ አራተኛውም «ይህን ሁሉ ትቶ ወደ አባት አገር መግባት ነው እንጂ» ብሎ ይደመድማል። «መግባት ነው» ካሉት ውስጥ የገቡት ጥቂቶች ናቸው፤ የገቡትም ያገኙት ነገር ከጠበቁት የተለየ ነው። ለነገሩ መኪና የሚለው ቃልም የሚገርም ነው፤ ከኢጣሊያን ቋንቋ ገብቶ ሰው የሚጭነውንም፥ ልብስ የሚሰፋውንም፥ ደብዳቤ የሚጽፈውንም በአንድ ስም ጠቅልሎ ያዘ፤ ሰው «መኪና አስቸገረኝ» ሲል የትኛው መኪና ተብሎ ሊጠየቅ ይገባል።

ከተማ የሚለው ስም የሰፈር ስም ነው፤ ከተመ ማለት ሰፈረ፥ ድንኳኑን ተክሎ ተቀመጠ ማለት ነውና። በቀድሞ ዘመን ንጉሡ የሰፈረበት ቦታ ከተማ ይባላል፤ ንጉሡ ሲነሣም ከተማው አብሮ ይነሣል። እንጨቱ ሲያልቅ፥ ሣሩ ሲጋጥ፥ የአካባቢው ባላገርም ሠራዊቱን መቀለብ ሲከብደው ድንኳኑ ይነቀላል። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን እስኪቈረቍሩ ድረስ ለብዙ ዘመን ነገሩ እንዲህ ነበረ።

አዲስ አበባም ከዚህ ዕጣ ያመለጠችው ለጥቂት ነው። በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ የማገዶው እንጨት ከዓመት ወደ ዓመት እየራቀ ስለ ሄደ፥ ዳግማዊ ምኒልክ በ1893 ዓ.ም. ገደማ በስተ ምዕራብ በአዲስ ዓለም ሌላ ከተማ ማሠራት ጀምረው ነበር። ዳሩ ግን ከባሕር ማዶ የመጣው ዛፍ፥ ስሙም ስለዚሁ ባሕር ዛፍ የተባለው፥ ቶሎ ቶሎ አድጎ የማገዶውን ችግር አቃለለ፤ በድንጋይ የታነጸውም ቤት እየበዛ ስለ ሄደ ከተማዪቱ ሳትነቀል ቀረች። በአዲስ ዓለም የተጀመረው ቤተ መንግሥት የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። እንግዲህ «ከተማ አሰረኝ» የሚል ሰው ቢኖር፥ መጀመሪያ ያሰረው ስልክም መብራትም አይደለም፤ ዛፍ ነው።

በዚያ ዘመን ሰፈር ሲነሣ ቄሱም፥ አንጥረኛውም፥ ጠጅ ጣዩም አብሮ ይነሣ ነበር፤ ሰው ቦታ ይለውጣል እንጂ ሰው አይለውጥም። ዛሬ ግን የሚነሣው እያንዳንዱ ለብቻው ነው። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት የተባለው ሥራ በአዲስ አበባ ሲጀመር፥ በፒያሳና በሌሎችም አሮጌ ሰፈሮች ይኖር የነበረ ብዙ ቤተ ሰብ ተነሥቶ በከተማዪቱ ዳር ዳር ተቀምጧል። መንገዱ ሰፋ፥ መብራቱም በዛ፤ ይህን ያየ ሁሉ ይመሰክራል። ነገር ግን ቡና የሚጠራሩ ጎረቤቶች አንዱ በምሥራቅ ሁለተኛው በደቡብ ሆነው፥ የሚገናኙት በስልክ ብቻ ሆነ። ይህን ነገር ለጊዜው ይዞ መቆየት ያስፈልጋል፤ ኋላ ይመጣልና።

ወደ ባላገር መመለስ የሚሻውም ሰው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። የኢትዮጵያ ሕግ የኦሪቱን ኢዮቤልዩ የሚከተል አይደለም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው አዋጅ የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለ ሆነ አይሸጥም፥ አይለወጥም ይላል። የእርሻ ይዞታ የሚሰጠው በግብርና ለሚተዳደር ነው። ስለዚህ በከተማ ሠላሳና አርባ ዓመት የኖረ ሰው «የአባቴ መሬት» የሚለው እርሻ በወንድሙ ወይም በወንድሙ ልጅ ስም በይዞታ ደብተር ተጽፎ ይገኛል። ርስት የሚለው ቃል በልቡ አለ፥ በደብተሩ ግን የለም። ተመላሹ ባለርስት ሆኖ ሳይሆን እንግዳ ሆኖ ነው የሚገባው፤ እንግዳም ከሦስት ቀን በላይ ሲቆይ ምን እንደሚሆን ባላገር ያውቀዋል።

አሁን ወደ ስልክና ወደ ወሬ ነገር እንመለስ ቢባል፥ ስልክ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1882 ዓ.ም. ራስ መኰንን ከኢጣሊያ ሲመለሱ ይዘውት በመጡ ጊዜ እንደ ሆነ ይነገራል። በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ሰውየው ሳይታይ ድምፁ ሲሰማ፥ ከካህናቱ አንዳንዶቹ «ይህስ የሰይጣን ሥራ ነው» ብለው ተቃወሙ ይባላል። የዛሬ ልጆች ይህን ሲሰሙ ይሥቃሉ። ከመሣቅ በፊት ግን ካህናቱ የፈሩት ምን እንደ ሆነ መመርመር ይገባል። ሰው ሲናገር ፊቱ ይታያል፤ ለቃሉ ዋስ የሚሆነው ገጹ ነው። ገጽ የሌለው ቃል ዋስ የለውም፤ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ ማንን ይይዙታል? ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በሚባለው ጥበብ የሰው ድምፅና መልክ ተመስሎ፥ ባለቤቱ ያልተናገረውን ሲናገር ይታያል። እነዚያ አባቶች ስለ መሣሪያው ተሳሳቱ፤ ስለ ዋሱ ነገር ግን ያን ያህል አልተሳሳቱም።

የሆነ ሆኖ ስልክ አልቆመም። ከዚያ በኋላ ሽቦው ከሐረር እስከ አዲስ አበባ ተዘረጋ። እንጨቱን ምስጥ ይበላዋል፥ ሽቦውን መንገደኛ ለጌጥ ይቈርጠዋል፥ ጠጋኙም ከእንጨት እንጨት ሲሮጥ ይውላል። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የታወቀ ስለ ሆነ በአጭሩ ይለፍ፤ በ1927 ዓ.ም. በአቃቂ የራዲዮ ጣቢያ ተመረቀ፥ በ1957 ዓ.ም. ቴሌቪዥን ተጀመረ፥ በ1991 ዓ.ም. ተንቀሳቃሽ ስልክ ገባ፥ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ቴሌብር መጥቶ ገንዘቡም በስልኩ ውስጥ ተቀመጠ። ምስጥ የሚበላው እንጨት ቀረ፤ ቃሉ ያለ ሽቦ በነፋስ መካከል ይሄድ ጀመር።

ከመሣሪያው ይልቅ የሚያስደንቀው የቃሉ መለወጥ ነው። ዜና የሚለው የግእዝ ቃል በመጻሕፍት ዜና መዋዕል፥ ዜና አበው እየተባለ ይገኛል። ሰውየው ሥራውን ከፈጸመ፥ ነገሩም ከበሰለ በኋላ ተመርምሮ የሚጻፈው ነው ዜና። ዛሬ ግን ነገሩ ገና በመሆን ላይ ሳለ፥ እንዲያውም ገና ሳይሆን፥ ዜና ተብሎ ይነገራል። ወሬም የራሱ ሥርዓት ነበረው፤ «ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት» የሚል ብሂል የወጣው ነገሩን የሚያሰላስሉበት ጊዜ ስለ ነበረ ነው። ከመንደር ወደ መንደር በእግር የሚሄድ ወሬ ሐሳብ የሚጨመርበት ጊዜ አለው፤ በመብረቅ ፍጥነት የሚደርስ ወሬ ግን ሐሳቡ ሳይጨመርበት ሌላ ወሬ ይደረብበታል።

አዋጅም ከወሬ ወገን ነው፤ ግን ልዩ ነው። በመስከረም 1888 ዓ.ም. የክተት አዋጅ በየገበያው በነጋሪት ሲነገር፥ የሰማ ሰው ሰምቶ ወደ ቤቱ ገብቶ የሚተኛበት ነገር አልነበረም። ስንቅ ማሰናዳት፥ በቅሎ መጫን፥ ልጅን ለዘመድ ማደራ ነበረበት። ያ ወሬ እግር ይጠይቅ ነበር፤ እጅም ይጠይቅ ነበር። የዕድር ጡሩምባም እንዲሁ ነው። ማለዳ በየመንገዱ ጡሩምባ ነፊው «የእገሌ እናት ዐርፈዋል፥ ቀብሩ በስድስት ሰዓት» ሲል፥ የሰማ ሁሉ ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል፤ ድንኳን የሚተክል ይተክላል፥ ውሃ የሚቀዳ ይቀዳል፥ እንጀራ የምትጋግር ትጋግራለች። በስልክ በሌሊት የሚነበበው ወሬ ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ የሃምሳ አገር ሞትን ያሳያል፤ አንባቢውም ድንኳን የሚተክልበት ስፍራ አጥቶ፥ አዝኖም ሳያዝን፥ ደክሞ ይተኛል። ሰው ከከተማ የሚሸሸው ይህን ድካም ነው፤ ጩኸቱን የሚሸሽ ይመስለዋል እንጂ።

የአንድ አዛውንት ነገር ለዚህ ምስክር ይሆናል። ስማቸው ይቆይ። በመንግሥት መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ሠላሳ አራት ዓመት አገልግለው ጡረታ ወጡ። ቀን የሚሠሩት ነገር ስለ ታጣ ስልኩ ሥራቸው ሆነ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዶላሩን ዋጋ በቀን ሦስት ጊዜ ያያሉ፤ ዶላር ግን በእጃቸው ኖሮ አያውቅም። በመጨረሻ ወደ ትውልድ አገራቸው ወደ ምንጃር ለመግባት ቈረጡ። ከዐረርቲ ወጣ ብሎ ታናሽ ወንድማቸው ከጤፍ እርሻው አጠገብ አንድ ቤት ሊሠራላቸው ፈቀደ።

ባለቤታቸው ግን አልተስማሙም። «እርስዎ ይሂዱ» አሉ፤ «እርስዎ የሚናፍቁት አገር እኔ ወፍጮ የፈጨሁበት አገር ነው።» ይህ ቃል በባላገር ኑሮ ውዳሴ ላይ ከተነገረው ሁሉ ይልቅ ሚዛን ይደፋል። ሴቲቱ በልጅነታቸው ዶሮ ሳይጮኽ ተነሥተው በድንጋይ ወፍጮ ላይ ተንበርክከው መጁን ሲገፉ ያደጉ ናቸው፤ የሞተር ወፍጮ በመጣ ጊዜ የመንደሩ ሴቶች እልል ብለዋል። ውሃውንም ከሩቅ በጀርባቸው ተሸክመዋል፤ ምንጃር ውሃ የሚቸግርበት አገር መሆኑን የሚያውቅ ያውቀዋል። የጥንቱን ኑሮ ያለ መኪና የሚያመሰግኑት ብዙውን ጊዜ እህል ያልፈጩ ወንዶች ናቸው። የወፍጮ መኪና እንዲመለስ፥ መጁም ወደ ቤት እንዲገባ የምትለምን ሴት እስካሁን አልተገኘችም።

አዛውንቱ ብቻቸውን ወጡ። ሬዲዮ አልያዙም፤ ስልካቸውንም ለልጆቻቸው ጥሪ ብቻ ሊከፍቱት ለራሳቸው ቃል ገቡ። ከገቡ በኋላ በመጀመሪያው ቀን ማታ የወንድማቸው ልጅ በጣራው ላይ ባለች ትንሽ የፀሐይ ብርሃን መሣሪያ የሞላውን ስልክ ይዞ መጣ፤ ያሳያቸውም ባለፈው ሳምንት በአዲስ አበባ ያዩትን ያንኑ ሥዕል ነው። በማግሥቱ ጎረቤቶች ሊጠይቋቸው መጡ፤ ቡናም ተፈላ። ከሰላምታ በኋላ የመጀመሪያው ጥያቄ «ጋሼ፥ ከሸገር ምን አዲስ ነገር አለ?» የሚል ሆነ። ከወሬ ሸሽተው የመጡት ሰው የመንደሩ ወሬ ነጋሪ ሆነው ተሾሙ። ዝም ቢሉ ኵሩ ይባላሉ፤ ቢናገሩ የሸሹትን ተሸክመው መጡ።

ከሁሉ ይልቅ ያስገረማቸው የወንድማቸው ጥያቄ ነው። ወንድምየው የማያነብ ገበሬ ነው፤ ቢሆንም «ያ የሩቅ አገር ጦርነት መቼ ያልቃል?» ብሎ ጠየቃቸው። ከየካቲት 2014 ዓ.ም. ጀምሮ በሩሲያና በዩክሬን መካከል የተነሣውን ጦርነት ማለቱ ነው። ምን አገባህ ቢሉት፥ የማዳበሪያው ዋጋ ከዚያ ወዲህ እንዴት እንደ ወጣ፥ ስንት ኵንታል ቀንሶ እንደ ዘራ፥ የትኛውን ማሳ ያለ ማዳበሪያ እንደ ተወው አንድ በአንድ ቈጠረላቸው። አዛውንቱ ያንን ጦርነት ከመነሻው ጀምረው በስልካቸው ሲከታተሉ ነበር፤ የከተሞቹን ስም፥ የጄኔራሎቹን ስም ሳይቀር ያውቁታል። ወሬው በወንድማቸው ማሳ ላይ ምን እንዳደረገ ግን አያውቁም ነበር። ብዙ የሚያነበው ሰው ከነገሩ ርቆ፥ የማያነበው ገበሬ ወደ ነገሩ ቀርቦ ተገኘ። ይህስ ስለ ምን ነው ቢሉ፥ ገበሬው ወሬውን የሚመዝንበት ማሳ ስላለው ነው።

በክረምቱ መግቢያ ደግሞ አንድ ሌሊት የጎረቤት ምሽት ምጥ ጸናባት። መንደሩ ዘወትር ኔትወርክ የለውም፤ የሚገኘው ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ካለው ጕብታ ላይ ሲወጡ ነው፥ ስሙንም ኔትወርክ ብለውታል። አንድ ጐረምሳ በጨለማ ወደ ጕብታው ሮጦ አንቡላንስ ጠራ፤ ሌሎቹ ቃሬዛ አበጁ፤ ጭቃው መኪና ስለማያስገባ እስከ ጥርጊያው መንገድ ድረስ ተሸክመው ወሰዷት። አዛውንቱ ለመሸከም ዕድሜያቸው ስላልፈቀደ ፋኖስ ያዙ። እናቲቱም ልጇም ተረፉ። ያን ሌሊት ስልኩ እንደ ጡሩምባው ሆነ፤ የሰማው ሁሉ ምን እንደሚያደርግ አወቀ። እንግዲህ መሣሪያው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ያው አንዱ ስልክ በከተማ አልጋ ላይ ሰውን ሲያደክም አድሮ፥ በጕብታው ላይ ሰውን ከሞት ያድናል።

ይህም ሆኖ ዝምታን ብቻ የሚመኝ ሰው ቢኖር፥ ዝምታ በግድ የተጫነባቸውን ሰዎች ያስብ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት ሲነሣ በትግራይ ስልክና ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋረጠ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ነው መስመሩ ቀስ በቀስ የተመለሰው። በአማራ ክልልም ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ ነበር። በአዲስ አበባ፥ በውጭ አገርም ያሉ ልጆች የእናታቸውን ቍጥር በየማለዳው እየደወሉ፥ «የደወሉላቸው ደንበኛ አይገኙም» የሚለውን የመኪና ድምፅ ብቻ እየሰሙ ከረሙ። መስመሩ በተከፈተ ጊዜ ያነሣው ሌላ ሰው የሆነባቸው አሉ፤ የእናታቸውን ዕረፍት ከዓመት በኋላ የሰሙ አሉ።

ካህናት የዚህን ነገር ክብደት ከሌላው ሰው ይልቅ ያውቁታል። ሙት አርባው፥ ሰማንያው፥ ሙት ዓመቱ የሚቈጠረው ካረፈበት ቀን ነው። ቀኑን ያላወቀ ልጅ አርባውን ከየት ይጀምራል? ከሰማበት ቀን ነው ወይስ አርባው አልፎ ስለ ሆነ በሙት ዓመቱ ይጀምር? እንዲህ ያለው ልጅ ወደ ንስሓ አባቱ ሲመጣ የሚያስፈልገው የቀን ቍጥር ብቻ አይደለም፤ በሞተችበት ቀን እርሱ የት እንደ ነበረ፥ ምን ሲሥቅ እንደ ነበረ እያሰበ ልቡን የሚያቈስለው ሐሳብም አለ። ከወሬ መራቅ ዕረፍት የሚሆነው ወሬው ሲፈለግ የሚገኝ ከሆነ ነው። እንዳይገኝ ሆኖ ሲዘጋ ግን እስራት ነው።

የዚህች ደብር ነገርም ከዚህ ጋራ የተያያዘ ነው። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በመጣ ጊዜ ምእመናን በቤታቸው ተቀምጠው የሕማማቱንና የትንሣኤውን ጸሎት በቴሌቪዥን ተከታተሉ። ያን ጊዜ ግድ ነበረ። ግድነቱ ካለፈ በኋላ ግን በቤቱ ጋቢ ለብሶ፥ ቡናውን አስቀርቦ ቅዳሴ የሚከታተል ሰው አልጠፋም። እርሱ ይገሠጽ። ከከተማ ዳር ሁለት አውቶቡስ ቀይራ መምጣት የማትችለው አሮጊት ግን በስልኳ የደብሯን ደወልና የካህኗን ድምፅ ስትሰማ ማልቀሷን ልጆቿ ይናገራሉ። ለእርስዋ ስልኩ መስኮት ነው። ሁለቱን በአንድ ተግሣጽ መምታት ፍርድ ማጓደል ነው።

ድምፅ ማጉያውን በተመለከተ ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ አቅራቢያው ያለ ሕመምተኛ የሚያድርበትን ሰዓት አይቶ ዝቅ ማድረግ ይበቃል።

ዋናው ነገር የዕድሩ ነገር ነው። ዕድር የከተማ ልጅ መሆኑን ብዙ ሊቃውንት ይናገራሉ፤ ከየአገሩ ተሰባስቦ ወገን ያጣ የከተማ ሰው፥ ወገን የሚሆነው ሰው ሲፈልግ ያቋቋመው ማኅበር ነው። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የተባለው በዕድር ሥጋ ለበሰ። ጎረቤቱ ራሱ ሩቅ ሲሆን ግን ምን ይደረግ? ከአሮጌው ሰፈር ተነሥተው በከተማዪቱ ዳር የተቀመጡት ሰዎች ጡሩምባው አይሰማቸውም። በስልክ መልእክት ይላክላቸው ተባለ፤ ተላከም። አንዳንዱ ማለዳ አይቶት ይመጣል፤ አንዳንዱ ግን በብዙ ወሬ መካከል ተሰውሮበት ቀብሩ ካለፈ በኋላ ያየዋል። ሞቱን የሚነግረው መልእክት ከሸቀጥ ማስታወቂያና ከሩቅ አገር ጦርነት መካከል ተሰልፎ ነው የሚደርሰውና።

የምንጃሩ አዛውንትም በአሁኑ ጊዜ በወር አንድ ጊዜ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳሉ፤ ሚስታቸውን ያያሉ፥ ጡረታቸውን ይቀበላሉ፥ ሐኪም ዘንድ ይሄዳሉ። በባላገር ደኅና ይተኛሉ፤ ጤፉ ሲያሽት ማየት ዕድሜ እንደ ጨመረላቸው ይናገራሉ። ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ ሠላሳ ዓመት መዋጮ የከፈሉበት ዕድር ስማቸውን ከመዝገቡ ይፍቀዋል ወይ? ቢሞቱ በዚያ የወንድማቸው መንደር ሰው ይቀብራቸዋል፤ ስለ እርሱ አይጠራጠሩም። ነገር ግን ሚስታቸው በከተማ ቀድመው ቢያርፉ ድንኳኑን የሚተክለው፥ ሬሳውን የሚያነሣው ማነው? በደንቡ ሦስት ቀብር ተከታትሎ የቀረ አባል ይቀጣል፤ ከከተማ የወጣም ይሰረዛል።

በዕድሩ ጉባኤ ነገሩ ሲነሣ አባላቱ ለሁለት ተከፈሉ። ወጣቶቹ መዋጮው በቴሌብር ይግባ፥ ጥሪውም በስልክ ይሁን፥ አባልነቱም ይቀጥል አሉ። ከሽማግሎቹ አንዱ ተነሥተው «ሬሳ በቴሌብር አይነሣም» አሉ፤ ብዙ ሰው ሣቀ፥ አዛውንቱም አብረው ሣቁ። ሌላው ሽማግሌ ደግሞ ከሰፈራቸው ያለ ፈቃዳቸው የተነሡትን ቤተ ሰቦች አንሥተው፥ ለአንዱ የሚወሰነው ለሁሉም ይሆናልና በችኮላ አይፈረድ አሉ። የሩቅ አባል በየቀብሩ መቅረቱ ታውቆ፥ በአንጻሩ በወር አንድ ጊዜ ሲመጣ የታመመ የሚጠይቅበት፥ ያዘነ የሚያጽናናበት ተራ ቢወጣለት የሚል ሐሳብም ከሴቶቹ ወገን ቀርቧል። ይህ የመጨረሻው ሐሳብ በደንብ ሊመረመር የሚገባው ነው።

ነገሩ ለሚመጣው ወር የመጀመሪያ እሑድ ተቀጥሯል። ጉባኤው ከቅዳሴ በኋላ ወዲያው ይጀመራል፤ ከከተማዪቱ ዳር የሚመጡት ሰዎች ሳይመሽባቸው አውቶቡስ ማግኘት አለባቸውና።